የሌባና የጎራዴ ታሪክ በሦስት እጅ ሲጻፍ ደራሲው ማን ነው? (ጅማ)

የአዌቱ ዳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ሆነን ለሦስት አንድ ተከታታይ ታሪክ እየጻፍን ነው። ዘመኑ የዳግማዊ አባ ጅፋር፣ ቦታው የሂርማታ ገበያ፣ ጅሬንና የጊቤ መንገድ ነው። ዋናው ሰው ከሲራራ ነጋዴ (ዕቃ ጭኖ አገር ላገር ከሚሄድ) ጭነት የሚሰርቅ፣ ጎራዴም የሚችል ሌባ ነው። ሌባውን ያሰበው አንዱ፣ ምዕራፎቹን በብዛት የሚጽፈው ሌላው፣ የዘመኑን ታሪክ እያጠና የሚያቀብለው ሦስተኛው ነው። 24 ምዕራፍ ታስቦ 5ቱ አልቋል።

ሁለት ጥያቄ አለን። ደራሲ ተብሎ የማን ስም ይውጣ? ምዕራፍ ከምዕራፍ እንዳይጋጭስ ምን ይደረግ? ምዕራፍ 2 ላይ ቀኝ ክንዱ የቆሰለ ሰው ምዕራፍ 4 ላይ በዚያው ክንድ ይፋለማል። ከምዕራፍ 3 ትንሽ ቆርጬ አስቀምጣለሁ፤ ሳትራሩ እዩልን።

«ሐሙስ ሌሊት ሙሉ ጨረቃ ነበረች። ሌባው 2,000 ጠገራ ብር የያዘውን ከረጢት በትከሻው አንጠልጥሎ ከነጋዴው ድንኳን በፍጥነት ሾለከ። ኬላው ላይ ሲደርስ ከግራ ጎኑ ሻምላውን በፍጥነት መዘዘ። ከጠባቂው ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ተፋለሙ። በመጨረሻም ጠባቂውን ጥሎ ወደ ጫካው በፍጥነት ሮጠ።»

---

ሚዛን ጠባቂ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:05

መጀመሪያ ከረጢቱን አውርዱለት። አንድ ጠገራ ብር (የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የብር ገንዘብ) 28 ግራም ነው። 2,000ው 56 ኪሎ ይመዝናል፤ ከግማሽ ኩንታል በላይ ማለት ነው። ጠንካራ ሰው ሊሸከመው ይችላል፤ አንጠልጥሎት ግን አይሾልክም፣ በአንድ እጁም አይፋለምም። የብሩ ስፋት 4 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። መቶው ሲደረደር 25 ሴንቲ ሜትር ይቆማል። ከረጢት ውስጥ ልቅ ሆኖ ከተጣለ በየእርምጃው ይንሿሿል፤ በጸጥታ ሌሊት ያ ድምፅ ከውሻ ጩኸት በፊት ሰው ይቀሰቅሳል።

ሌባው የሚችለው 300 ብር ነው፤ 8.4 ኪሎ ይሆናል። በረጅም መቀነት እየደረደረ፣ በየአሥሩ እየቋጠረ ወገቡ ላይ ቢጠመጥመው ድምፁ ይሞታል፣ እጁም ነጻ ይሆናል። ከ300 በላይ ከፈለጋችሁ በቅሎ ስጡት። በቅሎ ከሰጣችሁት ደግሞ ኮቴ አላት፤ ኮቴዋን እንዴት እንደሚሰውር ጻፉ።

ብሩ ላይ ያለው ዓመት 1780 (እ.ኤ.አ.) ብቻ ነው። መቼም ይመታ መቼ፣ ከማርያ ቴሬዛ ሞት በኋላ የወጣው ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ስለዚህ «ብሩ ላይ ባለው ዓመት የማን እንደሆነ ታወቀ» የሚል መፍትሔ እንዳትጽፉ። ሰዉ እውነተኛውን የሚለየው በምልክቱ ነበር፤ ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ 9 ፈርጥ አለው፣ ፈርጡ የጠፋና የደበዘዘ ብር ገበያ ላይ ይመለሳል። የተሰረቀ ብር ሳይሆን የደበዘዘ ብር ነው ሌባችሁን የሚያስይዘው። ታሪካችሁ ከ1887 ዓ.ም. ወዲህ ከሆነ የምኒልክ ብርም አለ፤ ነጋዴው ግን የለመደውን ጠገራ ይመርጥ ነበር።

ከብር ሌላም አስቡ። አሞሌ (ለመገበያያ የሚውለው የጨው ቁራጭ) ከባድ ነው፣ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ አሞሌ ሰርቆ በክረምት ወንዝ የሚሻገር ሌባ ማዶ የሚደርሰው ባዶ ስልቻ ይዞ ነው። ቡና ለክብደቱ ዋጋው ትንሽ ነው። ለሌባ የተፈጠረው ዝባድ (ከጥርኝ የሚወጣው ሽቶ) ነው፤ በቀንድ ውስጥ ይቀመጣል፣ በወቄት ይመዘናል፣ አንድ ቀንድ ጋቢ ሥር ይደበቃል። ችግሩ ሽታው ነው። ልብስ ከነካ በቀላሉ አይለቅም። ሦስት ምዕራፍ የሚያስኬድ አሳዳጅ እዚያ ቀንድ ውስጥ ተቀምጧል።

---

ስለት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

«ከግራ ጎኑ ሻምላውን መዘዘ» የሚለው ከውጭ ፊልም የመጣ እጅ ነው። እኛ አገር ጎራዴ የሚታጠቀው በቀኝ ጎን ነው። ግራ እጅ ጋሻ ይዟል፤ ቀኝ እጅ በጋሻው ላይ ተሻግሮ ወደ ግራ ወገብ ከሄደ ጋሻው ራሱ ይከለክለዋል። በቀኝ የታጠቀ ሰው ጋሻውን ሳያወርድ ይመዛል። ይህን አንድ መስመር ስታስተካክሉ ሌላውም እንቅስቃሴ አብሮ ይስተካከላል።

ስሞቹንም አትደባልቁ። ምዕራፍ 3 ላይ ሻምላ ያላችሁት፣ ርዕሱ ላይ ጎራዴ ነው። አንባቢ ሁለት መሣሪያ የያዘ ይመስለዋል። አንዱን ምረጡና እስከ ምዕራፍ 24 በዚያው ጥሩት። ሾተል ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው፣ ጥቅሙም ከጋሻ ጠርዝ ዙሮ ከኋላ ያለውን ሰው ማግኘት ነው። ሾተል የያዘ ሰው ከጎኑ ስለሚመታ ፍልሚያው ፊት ለፊት መጋጨት አይሆንም፤ ሁለቱም እየዞሩ ነው የሚፈላለጉት። ጉዳቱ፣ የጎበጠ ስለት ለመከላከል አይመችም፤ ከአፎቱም በቀላሉ አይወጣም።

የጅማ እግረኛ ዋና መሣሪያ ጦርና ጋሻ ነው። ስለዚህ ጎራዴ የታጠቀ ሌባ ገና ሲታይ «ይህን ከየት አመጣው?» ያስብላል። መልሱን ምዕራፍ 1 ላይ አስቀምጡት። ከሲራራ ጋር የመጣ የፈረንጅ ስለት ሊሆን ይችላል፤ የአገር ቀጥቃጭ የሠራው ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሲዋጉ የሚሆኑት ይለያያል። ለስላሳ ብረት ከመታ በኋላ ይጎብጣል፤ ባለቤቱ ጉልበቱ ላይ ተጭኖ ያቃናዋል። በውሃ የጠነከረ ብረት አይጎብጥም፣ ግን ይሸረፋል፤ ከመጠን በላይ ከጠነከረ ከእጀታው ሥር ይሰበራል። «ጎራዴው ተሰበረ» ከማለታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ወስኑ።

ጅማ ዝናብ የማይጠፋበት አገር ነው፤ ይህን ከስለቱ አትለዩት። የቆዳ አፎት ዝናብ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን ይነክሳል። ቅቤ ወይም ሞራ ያልተቀባ ብረት በሁለት ቀን ይዝጋል። ሌባው ለመምዘዝ ታግሎ ያልወጣለት ትዕይንት ከአንድ ሰዓት ፍልሚያ ይልቃል።

አንድ ሰዓቱንም ሰርዙት። ሁለት ሰው በሙሉ ጉልበት ከተማታ ከደቂቃ በኋላ ክንዱ ይዝላል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። እውነተኛ ፍልሚያ ሦስት ወይም አራት ምት ነው። ረጅም እንዲሆን ከፈለጋችሁ ረጅሙ ከምቱ በፊት ያለው ይሁን፤ መተያየቱ፣ መሬት መምረጡ፣ ጭቃው።

---

የጅሬን መንገደኛ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

ኬላውን እንደ ተራ አጥር ነው የጻፋችሁት። የጅማ መንግሥት ዳር ድንበሩ በበር የተጠበቀ ነበር። በሩ ኬላ ነው፣ ሹሙ አባ ኬላ ይባላል፤ ገቢና ወጪው ይታያል፣ ቀረጥ ይከፈላል። በየአካባቢው ያለው አስተዳዳሪ ደግሞ አባ ቆሮ ነው። የገበያው ሹም ነጋድራስ ነው። ጅሬን ያለው የንጉሡ ግቢ መሰራ ይባላል። እነዚህን አራት ስሞች በቦታቸው ካዋላችሁ ሌባው ማንን እንደሚፈራ አንባቢ ራሱ ያውቃል።

ከኬላው ውጭ ያለውን አለመጠቀማችሁ ያስቆጫል። ጅማን ጨምሮ በጊቤ አካባቢ በነበሩት መንግሥታት መካከል ሞጋ የሚሉት የማይታረስ፣ ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ነበር። ከአንዱ መንግሥት በር ወጥታችሁ ወደ ሌላው በር እስክትደርሱ የማንም ዳኝነት የማይደርስበት ቦታ ነው። ቀማኛ የሚያደፍጠው እዚያ ነው። ስለዚህ «ወደ ጫካው ሮጠ» ማምለጥ አይደለም፤ ከንጉሥ እጅ ወጥቶ ቀማኛ እጅ መውደቅ ነው።

ሌባ እና ቀማኛም አንድ አይደሉም። ሌባ ሳይታይ ይወስዳል፤ ቀማኛ ፊት ለፊት ቆሞ ይነጥቃል፤ ሽፍታ ከሹም ጋር ተጣልቶ ዱር የገባ ነው፤ ወንበዴ በቡድን ነው የሚሄደው። የእናንተ ሰው ምዕራፍ 1 ላይ ሌባ፣ ምዕራፍ 5 ላይ ሽፍታ ተብሏል። ከሌባነት ወደ ሽፍትነት ከተሸጋገረ መሸጋገሩ ራሱ ታሪክ ነው፤ በስም ለውጥ ብቻ አይታለፍ።

ከሰሜን የምታውቁትን የሌባ ማውጫ ሥርዓትም እንዳለ አታምጡት። ሌባ ሻይ፣ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ የሚወድቅበት ቤት የሌባ ቤት ነው የሚባልበት፣ የክርስቲያኑ ደጋ ልማድ ነው። አውጫጭኝም (መንደርተኛው ተሰብስቦ ጥፋተኛውን የሚያወጣበት) የዚያው አገር ነው። ጅማ የእስልምና መንግሥት ነው፤ ቃዲ አለ፣ የንጉሡ ችሎት አለ። ሌባ ሻይን ማስገባት ከፈለጋችሁ ከሰሜን የመጣ ነጋዴ ድንኳኑ ውስጥ ያስደርገው፤ የአገሬው ሰውም ሲያይ ይገረም።

---

ጀንበር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

ሙሉ ጨረቃ ለሌባ ጠላት ናት። የሂርማታ ትልቁ ገበያ ሐሙስ ነው፤ ይህን በትክክል ይዛችኋል። ግን ሐሙሱን ምረጡ። ሕዝቡ የሚቆጥረው የዓረብ ወር ስለሆነ ጨረቃን ማስላት ቀላል ነው። በ14 እና በ15 ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ብርሃን ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። በ22 ገደማ እኩለ ሌሊት ላይ ነው የምትወጣው፤ ማለትም ከምሽቱ እስከ 6 ሰዓት ጨለማ፣ ከዚያ ብርሃን። ለስርቆት የሚመች ሐሙስ ከ22 እስከ 24 ያለው ነው፦ በጨለማ ይሰርቃል፣ መንገዱን በጨረቃ ይሄዳል። ከ27 በኋላ እስከ ንጋት ጨለማ ነው፤ መስረቅ ይችላል፣ መንገድ ግን አያይም።

እኛ አገር ምሽት ቶሎ ይጨልማል። ፀሐይ ከጠለቀች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፊት አይለይም። በወጋገን እየተያዩ ረጅም ንግግር የሚያደርጉበትን የምዕራፍ 5 ትዕይንት ወይ አሳጥሩት፣ ወይ እሳት አንድዱለት።

ወቅቱንም ወስኑ። በሰኔና በመስከረም መካከል ጊቤ ይሞላል፣ ሲራራው ይቆማል። በክረምት የሚሰረቅ ሲራራ የለም፤ በክረምት ያለው የተጠራቀመ ዕቃ ነው፣ እሱም በቤት ውስጥ። ታሪኩን ከጥቅምት ብትጀምሩ ወንዙ እየጎደለ፣ ቡናው እየቀላ፣ መንገዱ እየተከፈተ ይሄድላችኋል።

---

ቅጂ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:20

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ ምክንያቱም ይህ የእናንተ ብቻ ጥያቄ አይደለም። የጎራዴ ታሪክ ከተጀመረ ጀምሮ ያለ ነው።

ፈረንሳዊው አሌክሳንደር ዱማ በ1844 እ.ኤ.አ. በጋዜጣ በተከታታይ ያወጣው የሦስቱ ሙስኬተሮች ታሪክ ሲጻፍ ኦጉስት ማኬ የሚባል ሰው አብሮት ነበር። ታሪኩን ያጠና ነበር፣ መነሻ ረቂቅ ይጽፍ ነበር፤ ዱማ ደግሞ አስፋፍቶ፣ ንግግሩን አሳምሮ ሕይወት ይሰጠዋል። ሽፋኑ ላይ የወጣው የዱማ ስም ብቻ ነው። ሁለቱ በኋላ ተካሰሱ። በ1858 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ለማኬ ገንዘብ ፈረደለት፤ ስሙ ከዱማ ጎን እንዲወጣ ግን አልፈቀደም። የእናንተ ሦስተኛ ሰው ማኬ እንዳይሆን ከአሁኑ ተነጋገሩ።

ተቃራኒውም አለ። አሜሪካዊው ፍሪትዝ ላይበር ከ1939 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሁለት ሰይፈኛ ሌቦችን ታሪክ በብዛት የጻፈው እሱ ነው። ሁለቱን ሰዎች መጀመሪያ ያሰባቸው ግን ጓደኛው ሃሪ ፊሸር እንደሆነ፣ ሐሳቡም በደብዳቤ እንደመጣለት ላይበር ራሱ በግልጽ ይናገር ነበር። ፊሸር ጀምሮ የተወውን አንድ ታሪክም ከብዙ ዓመት በኋላ ላይበር ጨርሶታል። አሳቢውና ጸሐፊው የተለያዩበት፣ ግን ማንም ያልተካደበት ምሳሌ ነው።

ሦስተኛው ለሥራችሁ ይበልጥ ይቀርባል። በ1979 እ.ኤ.አ. ሮበርት አስፕሪን ብዙ ጸሐፊዎችን ሰብስቦ በአንዲት የሌቦች ከተማ ውስጥ እያንዳንዱ የራሱን ሰው ይዞ እንዲጽፍ አደረገ። ደንቡ አጭር ነበር፦ የሌላውን ሰው በታሪክህ ማስገባት ትችላለህ፣ መግደል ግን አትችልም፤ ጠባዩንም መለወጥ አትችልም። ይህ ደንብ ለእናንተ ይበቃል። ሌባው የአንዱ፣ አባ ኬላው የሌላው፣ ነጋዴው የሦስተኛው ይሁን። ሁሉም በሁሉም ይጻፉ፤ መግደል ግን በባለቤቱ ፈቃድ።

የሌላ ደራሲን ሰው አምጥቶ ማስገባት ከፈለጋችሁም ተጠንቀቁ። ሞሪስ ሌብላን የጨዋውን ሌባ ታሪክ ሲጽፍ ሼርሎክ ሆምስን በስሙ አስገባው፤ የሆምስ ደራሲ ኮናን ዶይል ተቃወመና ስሙ ሄርሎክ ሾልምስ ተብሎ ተለወጠ።

---

አንቀጽ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:45

በአገራችን ሕግ በኩል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ነው። ስለዚህ «ሌባውን ያሰብኩት እኔ ነኝ» የሚለው ብቻውን ደራሲ አያደርግም። ሌባውን በጽሑፍ የገለጸ፣ ንግግሩን የጻፈ፣ ትዕይንቱን ያዋቀረ ደራሲ ነው። ታሪክ አጥንቶ መረጃ ያቀበለውም በመረጃው ብቻ ደራሲ አይሆንም። እሱ የጻፈው አንቀጽ ምዕራፉ ውስጥ ካለ ግን ይሆናል። ሦስታችሁም የጋራ ደራሲ መሆን ከፈለጋችሁ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሦስታችሁም ጻፉ።

ሥራው በጋራ ከተሠራ መብቱም የጋራ ነው። ክፍሎቹ ተለያይተው ሊሠራባቸው የሚችሉ ከሆኑ፣ እያንዳንዱ በጻፈው ክፍል ላይ መብት አለው። ጥበቃው በሕይወት ዘመንና ከሞት በኋላ 50 ዓመት ነው፤ የጋራ ሥራ ከሆነ 50ው የሚቆጠረው መጨረሻ ከሞተው ደራሲ ነው። ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ፣ በብዕር ስም የመውጣት፣ ሥራው ተዛብቶ እንዳይወጣ የመቃወም መብት ከገንዘቡ የተለየ ነው። ገንዘቡን ለሌላ ማስተላለፍ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቃል «ውሰደው» ብሎ ኋላ መካካድ የተለመደ ችግር ነው።

አንድ ገጽ ውል ይበቃችኋል። ይህን ይያዝ፦ የስሞቹ ቅደም ተከተል (በፊደል ተራ ቢሆን ክርክር የለም)፤ የገቢ ድርሻ በመቶኛ፣ ድምሩ 100 መሆኑን ቆጥራችሁ፤ አንዱ ቢወጣ ሌባው ከማን ጋር እንደሚቀር፤ ሬዲዮ ወይም ፊልም ቢጠይቅ ማን እንደሚፈርም፤ ሁለቱ አንድ ሐሳብ ሆነው ሦስተኛው ባይስማማ በምን እንደሚወሰን። ቀን ጻፉበት፣ በየገጹ ፈርሙ፣ ሦስት ቅጂ አድርጉት። የየምዕራፉን ረቂቅ ከነቀኑ አስቀምጡ፤ በየጊዜው ለሦስታችሁም በኢሜይል መላክ በቂ ማስረጃ ይፈጥራል። ብዙዎች ውሉን የሚያነሱት ገንዘብ ሲመጣ ነው፤ ያኔ ሁሉም የራሱ ትዝታ አለው።

---

የአዌቱ ዳር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:10

እግዜር ይስጥልን። @አንቀጽ፣ የኬላውንና የገበያውን መግለጫ የጻፈው የሚያጠናው ልጅ ነው፤ ከቃል እስከ ቃል የሱ ነው። እንግዲያው እሱም ደራሲ ነው ማለት ነው?

---

አንቀጽ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:35

አዎ። ያለ እሱ ፈቃድ መግለጫውን ቆርጣችሁ ሌላ ቦታ ማውጣትም አትችሉም።

---

ፊደል ቆጣሪ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:20

በአምስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ «በፍጥነት» ሦስት ጊዜ አለ። አማርኛ ፍጥነትን የሚገልጽበት ከዚህ የተሻለ መንገድ አለው። ድርጊት ሰንሰለት ሲሆን ጊዜው ይጠብባል፦ «ዘሎ፣ ከግድግዳው ተለጥፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆየ።» ግሡን ስትዘጉ ደግሞ ይሰፋል፦ «ዘለለ። ከግድግዳው ተለጠፈ። ትንፋሹን ዋጠ።» የመጀመሪያው የአንድ ሰው አንድ ትንፋሽ ነው፤ ሁለተኛው አንባቢን በየደረጃው ያስቆመዋል። ለስርቆቱ የመጀመሪያውን፣ ለፍልሚያው ምት ሁለተኛውን ተጠቀሙ። ሰንሰለቱ ከአራት ግሥ ካለፈ ግን ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋል፤ በተለይ ሁለቱም «እሱ» ሲሆኑ። አንዱን በስሙ፣ ሌላውን በሹመቱ ጥሩት።

ግሡ መጨረሻ ስለሚመጣ ትልቅ ዕድል አላችሁ። «ጎራዴው በጠባቂው አንገት ላይ...» ብሎ ያነበበ ሰው ማረፉን ወይም መቆሙን የሚያውቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። ያችን ቃል አስቀድማችሁ አታባክኗት። ድምፅ ገላጭ ቃላትም፣ ዱብ፣ ቀጭ፣ ሽው፣ እልም፣ በገጽ አንዴ ከሆነ ይሠራሉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተረት ለሕፃን ይመስላል።

አንተና እርስዎንም እንደ መሣሪያ ያዙ። አባ ኬላውን «እርስዎ» እያለ የቆየ ሌባ በአንድ መስመር «አንተ» ካለው ጎራዴ ሳይመዘዝ ፍልሚያው ተጀመረ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ገበያው የሚነጋገረው በኦሮምኛ ነው። ምዕራፍ 2 ላይ የሂርማታ ሴት ነጋዴ በተሰባበረ አማርኛ ታወራለች። ሴትዮዋ በራሷ ቋንቋ ነው የምትናገረው፤ በራሷ ቋንቋ ደግሞ አትሰናከልም። ንግግሯን ሙሉ፣ ያማረ አማርኛ አድርጋችሁ ጻፉት። ሊሰናከል የሚገባው ከሰሜን የመጣው ነጋዴ ነው፤ እንግዳው እሱ ነው።

---

ቦሳ ማዶ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12:50

ያልተነሳ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ሂርማታ ላይ ይሸጥ የነበረው ቡና፣ ዝባድና ዝሆን ጥርስ ብቻ አይደለም፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። በአምስቱ ምዕራፍ አንድም ባሪያ የለም። 300 ብር የሰረቀ ሰው ሌባ ተብሎ ሲታደን፣ ሰው ነድቶ የመጣው ነጋዴ ተብሎ ቀረጥ ከፍሎ ያልፋል። ይህን የማያሳይ የሂርማታ ታሪክ ገበያውን አያውቀውም። ለማስተማር ብላችሁ ንግግር አታስገቡ፤ ኬላው ላይ ሌባው ተሰልፎ ሲቆም ከፊቱ ያለው ሰልፍ ምን እንደሆነ ይታይ፣ ለማን ስንት እንደሚከፈል ይሰማ። በቃ።

---

መዝገብ ያዥ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:30

ሁለተኛውን ጥያቄ ማንም አልመለሰውም። የክንዱ ቁስል የጠፋው መዝገብ ስለሌላችሁ ነው። አንድ ኤክሴል ወይም ባለካሬ ደብተር ውሰዱ። በየትዕይንቱ አንድ ረድፍ፦ ምዕራፍ፣ ቀን (በኢትዮጵያና በዓረብ)፣ ጨረቃ፣ ቦታ፣ ማን ምን ይዟል፣ ማን የት ቆሰለ፣ ብሩ ስንት ቀረ፣ ማን ምን ያውቃል። የመጨረሻው ዓምድ ከሁሉ ይረሳል። በሌባ ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ገና ያልሰማውን ምስጢር ተናግሮ ከተገኘ አንባቢ መጽሐፉን ይዘጋዋል።

ቁስልን በቀን መዝግቡ። ንጹሕ የቆዳ ቁስል ሳያመረቅዝ ከሁለት ሳምንት በታች ይገጥማል፤ ጡንቻ የገባ ከሆነ ክንዱ ጉልበት እስኪያገኝ ከወር በላይ ይወስዳል፤ የተሰበረ የክንድ አጥንት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው። በምዕራፍ 2 እና 4 መካከል ስንት ቀን አለፈ? ዘጠኝ ከሆነ ወይ በግራው ይዋጋ፣ ወይ ቁስሉ ይከፈት፣ ወይ ምዕራፍ 3 ላይ ወር አሳልፉ። የአዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ያህል ነው፤ ከሦስት አንድ እጁ ከፈሰሰ በኋላ ቆሞ ንግግር የሚያደርግ የለም።

መዝገቡ ላይ የሚጽፈው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሌሎቹ ያንብቡት፣ ለውጥ ሲፈልጉ ይጠይቁት። ሦስት ሰው እኩል የሚነካካው መዝገብ በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ዓይነት ይሆናል። አዲስ ምዕራፍ የሚጀምር ሰው ከመጀመሩ በፊት የቀደሙትን አምስት ረድፎች ያንብብ። ጽፎ ሲጨርስ የራሱን ረድፎች ለመዝገብ ያዡ ይላክ፤ ረድፉ ያልተላከ ምዕራፍ እንዳለቀ አይቆጠር። የሚያጠናው ልጅ ለዚህ ይመቻል።

---

የአዌቱ ዳር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:00

ውሉን በአንቀጽ መሠረት አረቀቅን፤ ስም በፊደል ተራ፣ ድርሻ 40፣ 30፣ 30። መዝገቡን የሚያጠናው ይዟል። በምዕራፍ 2 እና 4 መካከል 11 ቀን ነው ያለው፤ ስለዚህ በግራ እጁ እንዲዋጋ አደረግን። የምዕራፍ 3 አዲስ ቅንጫቢ ይኸው፦

«ጨረቃ ገና አልወጣችም። መቀነቱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ በድንኳኑ ጫፍ ተንፏቅቆ፣ ከበቅሎዎቹ መካከል ገባ። ሦስት መቶ ብር ይከብዳል፤ ግን አይናገርም። ወደ ኬላው ሲቃረብ ጠዋት ሆነ። ከፊቱ የታሰሩ ሰዎች ተሰልፈዋል። አባ ኬላው በጣቱ እየቆጠረ ቀረጡን ተቀበለ፣ አሳለፋቸው፣ ቀና ብሎም ሌባውን አየው። ‹ጎራዴውን ከየት አመጣኸው?› አለው። ቀኝ ክንዱ በሻሽ ታስሯል። ግራ እጁን ወደ ቀኝ ጎኑ ሰደደ። አፎቱ ርሷል። ስለቱ...»

---

ስለት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:25

ይህ ሌላ ጽሑፍ ሆኗል። አንድ ነገር ብቻ። ቀኝ እጁ ከታሰረ በቀኝ ጎኑ የታጠቀውን በግራው ለመምዘዝ ሰውነቱን ማዞር አለበት፤ ያኔ ግራ ትከሻው ለጠባቂው ጦር ይጋለጣል። ወይ አስቀድሞ ጎራዴውን ወደ ግራ ጎኑ ያዛውረው፣ ያኔ ግን በግራ የታጠቀ ሰው ዓይን ይስባል፣ አባ ኬላውም የሚጠይቀው በዚያ ምክንያት ይሁን። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ «ከየት አመጣኸው?» ሳይሆን «ለምን በግራህ ታጠቅህ?» ይበለው። ክንዱን መደበቁም ይታወቃል።

---

ሚዛን ጠባቂ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:40

ቀረጡን ሲከፍል ከመቀነቱ ነው የሚያወጣው ወይስ ከኪሱ? ከመቀነቱ ከሆነ ቋጠሮው ይፈታል፣ ይሰማል። ለቀረጥ 5 ብር ለብቻ አስይዙት። መዝገቡ ላይም 295 ብላችሁ ጻፉ።